ባሌና የተራራቁት ቀፎዎቹ

ባሌ ጨቅጫቃ ሰው ነው። ይህን የምለው ላማው ብዬ አይደለም፤ አብረን ያረጀነው እየተጨቃጨቅን ስለሆነ ጠባዩን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም ለማለት ነው። ከቧንቧ ሠራተኛ ጋር ስለ ቧንቧ፣ ከሐኪም ጋር ስለ ገዛ ጉበቱ ይከራከራል። ማታቱ የሚባለው የናይሮቢ ሚኒባስ መንገድ ሲዘጋበት መስኮቱን አውርዶ በዚያ በተሰባበረ ስዋሂሊው ሹፌሩን ስለ ሥነ ምግባር ያስተምራል። የእኔን ነገርማ አታንሱት። እኔም አፌ ስለማያርፍ ቤታችን ጸጥ ብሎ አያውቅም ነበር።

ይሠራበት የነበረው ዓለም አቀፍ ድርጅት ፕሮጀክቱን ዘግቶ ሲያሰናብተው ጭቅጭቁ ባንድ ጊዜ ቆመ። ሞኟ እኔ መጀመሪያ ላይ ተገላገልኩ ብዬ ነበር። ምን ልሥራልህ ስለው «እንዳልሽ»፤ እንውጣ ወይስ እንቀመጥ ስለው «እንዳልሽ»። ጠዋት ዌስትላንድስ ወዳለው ቢሮዬ ስሄድ ሶፋው ላይ ትቼው እወጣለሁ፤ ማታ ያንን የመኪና ጭንቅንቅ አልፌ ስመለስ እዚያው አገኘዋለሁ። ቤተ ክርስቲያን መሄድም ተወ። «ሥራስ እንዴት ሆነ?» የሚለውን ጥያቄ ፈርቶ እንደሆነ ገብቶኛል። ዝምታ ወርቅ ነው ይላሉ፤ እኔን ግን የቤታችን ወርቅ መብዛት አስፈራኝ። ሰውዬው ዓይኔ እያየ፣ እየበላና እየጠጣ፣ ከእጄ እየሾለከ ነበር። በዚያን ጊዜ የምጸልየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያ ጨቅጫቃ ባሌ እንዲመለስልኝ።

የምንኖረው የሀብታሞቹ ሰፈር ሩንዳ ነው። ሩንዳ ስላችሁ ግን ቪላ እንዳይመስላችሁ። ጡረታ የወጡ አንዲት ኬንያዊት ርዕሰ መምህርት ግቢ ውስጥ፣ ከዋናው ቤት ጀርባ ያለችውን ትንሽ ቤት ነው የተከራየነው። አከራያችንን «ማማ» እያልን እንጠራቸዋለን። ግቢያቸው ሰፊ ነው፤ አቮካዶ አለ፣ ማንጎ አለ፣ ቁልቁል ሲወረድ ትንሽ ጅረት አለች፣ ከጅረቷ ማዶ ጫካው ይጀምራል።

ንቦቹ የመጡት ከዚያ ጫካ ይመስለኛል። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነበር። ባሌ ከመጨረሻው የመስክ ጣቢያው ዕቃውን ጭኖ ያመጣበት የጣውላ ሣጥን በረንዳው ጥግ ባዶውን ተቀምጧል። የሚያጉረመርም ጥቁር ነገር ከአጥሩ በላይ መጥቶ ትንሽ ዞረና ሣጥኑ ውስጥ ገብቶ ተከተተ። እኔ እግሬ አውጪኝ ብዬ ወደ ጓዳ ሮጥኩ። በመስኮት ሳይ ግን ደስ አለኝ። በአገራችን ንብ ሳይጠሩት ቤት ሲገባ ገድ ነው ይባላል። እኛ ጴንጤዎች በገድ አናምንም፤ በረከት ብለን ስሙን እንለውጥና እናምናለን።

«መድኃኒት የሚረጭ ሰው ልጥራ?» ብዬ ከውስጥ ጮኽኩ፤ ደስታና ፍርሃት አብረው ይኖራሉና።

ባሌ ከሶፋው ተነስቶ በረንዳው ላይ ወጣ። ሣጥኑን ከራቅ ብሎ ሲመለከት ቆየ። ከዚያ «ማንም እንዳይነካቸው!» አለኝ፣ ቆጣ ብሎ። ከወራት በኋላ የሰማሁት የመጀመሪያ እምቢታ ነበር። ያን ቀን ምሳ ሲበላ ሁለት ጊዜ ተነስቶ አያቸው።

ናይሮቢ ተወልዳ ያደገችው ልጃችን በትርፍ ጊዜያቸው ንብ የሚያረቡ ሰዎች የዋትሳፕ ቡድን ውስጥ አስገባችው። እነዚህ ሰዎች ንብን እንደ ተፈጥሮው እንተወው ባዮች ናቸው። ስኳር አይመግቡም፤ ቀፎውን በየሳምንቱ እየከፈቱ አይበረብሩም፤ ማር የሚቆርጡት ንቡን አጥግቦ የተረፈ ሲኖር ብቻ ነው። ባሌ አናጺ ዘንድ ሄዶ አገር ቤት የሽግግር ቀፎ የሚባለውን አሠራ። ክዳኑ ሥር በተደረደሩት ዘንጎች ላይ ንቦቹ ራሳቸው የማር እንጀራቸውን አንጠልጥለው ይሠራሉ፤ መጠኑንም ሆነ ቅርጹን የሚወስኑት እነሱ ናቸው። የመጀመሪያዎቹን ከሣጥኑ አዛወራቸው። ከዚያ ባዶ ቀፎ በሰም እያሸ ዛፍ ላይ እያስቀመጠ ሌላ መንጋ መጥራት ጀመረ። ዓመት ሳይሞላ አራት ቀፎ ሆነለት።

አራቱንም ከቤታችን ጀርባ ግንብ ሥር ባንድ መደዳ፣ ትከሻ ለትከሻ ደረደራቸው። የቡድኑ ሰዎች ፎቶውን አይተው «አራርቃቸው፣ በሮቻቸውንም ወደተለያየ አቅጣጫ አዙር» ብለው ጻፉለት። እኔና እሱ ሳቅንባቸው። እሱ ባደገበት አገር ቀፎ የሚቀመጠው በቤቱ ጣሪያ ጠርዝ ሥር ተደርድሮ ነው፤ ጎረቤት የሌለው ንብ ምን ንብ ነው? ደግሞ እኛ ሐበሾች መራራቅን እንደ ቅያሜ ነው የምናየው። ሐበሻ የሚበዛበት ሳውዝ ሲ ሂዱና እዩ፤ አዲስ የመጣ ሰው የሚፈልገው የወንድሙ በር ሲንኳኳ የሚሰማበትን ቤት ነው፤ ባያገኝ ደግሞ ወንድሙ ሳሎን ውስጥ ፍራሽ ያነጥፋል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ብለን ያደግን ሰዎች ንቡን እንዴት ለብቻው በየጥጉ እንጥለዋለን? እኔ ራሴ «ብቻቸውን አይደብራቸውም?» ብዬ አግዤዋለሁ።

ንቦቹ ግን የእኛን ተረት አልተማሩም። በሮቹ ስለሚመሳሰሉ ከመስክ የሚመለሱት በር እየተሳሳቱ ከሰው ቤት ይገባሉ። ጠንካራው መንጋ የደካማውን ማር ይዘርፋል። ጠዋት ጠዋት ከቀፎዎቹ ፊት የሞተ ንብ እጠርግ ነበር። ባሌ ጎንበስ ብሎ እያያቸው ራሱን ይነቀንቃል፣ ይጨነቃል። እኔ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ጭንቀቱን እንኳ ወደድኩለት። የሚጨነቅ ሰው አለ ማለት ነው።

ከዚያ የቤት ኅብረቱ ተራ እኛ ዘንድ ደረሰ። የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ቅዳሜ ከሰዓት በየቤቱ እየተሰበሰቡ ይዘምራሉ፣ ይጸልያሉ። ባሌ ወደ ሰው አልሄድ ስላለ ሰውን ወደሱ አመጣሁት ብዬ በልቤ ተኩራራሁ። ቤታችን ጠባብ ስለሆነ ወንበሩን ከጀርባ ሣሩ ላይ ደረደርን። የኪቦርዱ ድምፅ ማጉያ ሽቦው አጭር ነበርና ግንቡ ሥር፣ ከመጀመሪያው ቀፎ አጠገብ አስቀመጥነው። መዝሙሩ ሲጀመር ወፍራሙ ድምፅ መሬቱን ሲያርገበግበው በጫማዬ ሥር ይሰማኛል። ሁለተኛው መዝሙር ላይ ጭብጨባው ደራ። ሦስተኛው አላለቀም።

መጀመሪያ አንዷ ንብ ኪቦርድ የሚመታውን ሰው አንገቱን ነደፈችው። ንብ ሲናደፍ እንደበሰለ ሙዝ የሚሸት ነገር ይረጫል፤ ሌሎቹ ያን ሲያሸቱ ጠላት ገባ ብለው ይነሳሉ። ቀፎው አንድ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በአንድ መንጋ ቁጣ ያልቅ ነበር። የእኛዎቹ ግን ትከሻ ለትከሻ ናቸው፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለውን እዚያች ሣር ላይ አየሁት። አራቱም ባንዴ ወጡ። ምእመኑ ነጠላውን ተከናንቦ በአንዲት ጠባብ በር ተጋፍቶ ገባ። የኅብረቱ ሽማግሌ ራሰ በራ ናቸውና የደረሰባቸውን መገመት ይቻላል። በረንዳቸው ላይ ሻይ ይጠጡ የነበሩት ማማም ግንባራቸውንና ከንፈራቸውን ተነደፉ። ውሻቸው መኪና ሥር ገብቶ እስከ ምሽት አልወጣም። ጌታ ይመስገን፣ ከእብጠትና ከማሳከክ ያለፈ ነገር በማንም ላይ አልደረሰም።

በማግስቱ ማማ ከንፈራቸው እንዳበጠ መጡ። መቆጣት የማያውቁ ሰው ናቸው፤ ያ ደግሞ የባሰ ነው።

«ፖሌ ሳና» አሉ፣ አዝናለሁ ለማለት ነው። «እናንተን እወዳችኋለሁ፤ እናንተ ኑሩ። ኒዩኪዎቹ ግን ወሩ ሳያልቅ ይሂዱልኝ።» ኒዩኪ ያሉት ንቡን ነው።

ባሌ ይከራከራል ብዬ ጠበቅሁ። ስለ ድምፅ ማጉያው፣ ስለ እኔ ጥፋት፣ ስለ ኪራዩ ውል አንድ ነገር እንዲል በዓይኔ ለመንኩት። «እሺ ማማ፤ እርስዎ እንዳሉ» አለና ገብቶ ቴሌቪዥኑን ከፈተ። እኔ እጄን ጨብጬ በረንዳው ላይ ቀረሁ። ንቦቹ ከሄዱ ባሌም አብሮ እንደሚሄድ፣ ሁለተኛም የሚመልሰው መንጋ እንደማይመጣ ያን ጊዜ አወቅሁ።

ለልጃችን ደወልኩ። «ማሚ፣ ሲሪየስሊ፣ ኒዩኪዎቹን ለሚፈልግ ሰው ስጧቸውና ይብቃ። ኢትስ ኖት ሴፍ። ዳዲ ሌላ ሆቢ ይፈልግ» አለችኝ። አባትሽ ሆቢ አይደለም የያዘው፣ ነፍሱን ነው የያዘው ልላት አልኩና ተውኩት። በእሱ ስልክ ለዋትሳፕ ቡድኑ የሆነውን ሁሉ በድምፄ ዘከዘክሁ። አንዲት ጠና ያለች ሴትዮ በእንግሊዝኛ መለሰችልኝ። «ንቦችሽ ክፉ አይደሉም፤ ተጨናንቀው ነው» አለች። «ጫካ ውስጥ አንዱ መንጋ ከሌላው እጅግ ርቆ ነው ዛፍ የሚመርጠው። ሲራራቁ አንዱ ቢቆጣ ሌላው አይሰማም፤ በሽታ አይጋባም፤ አበባውም ለሁሉም ይበቃል። በተቻለሽ መጠን አርቂያቸው።»

ማራቁንስ ላርቃቸው፤ ናይሮቢ ውስጥ የት? ሽሮ እያማሰልኩ ነበር የአባቴ ነገር ትዝ ያለኝ። በእኛ አገር ቀፎ የበዛበት ሰው አንዱን ለዘመድ ወይም ለወዳጅ «በየእኩል» ይሰጣል። ተቀባዩ በደጁ ያኖረዋል፣ ከጉንዳን ይጠብቀዋል፤ ማሩን ሲቆርጡ እኩል ይካፈላሉ። ውል የለም፣ ፊርማ የለም። ያለው ሕግ አንድ ነው፤ ባለቤቱ እየመጣ ንቡን ይጎበኛል፣ ተቀባዩም ሳያበላ አይሰደውም። እሳቱን አጥፍቼ ስልኬን አነሳሁ።

ዓይኔን በጨው አጥቤ ደወልኩ፤ ያውም ለተነደፉት ሰዎች። ሳውዝ ሲ ያለችው ጓደኛዬ «እኔ ልብስ ማስጫ ያጣሁ ሰው ንብ የት ላድርግ?» ብላ ሳቀችብኝ። አንዱ ወንድም ንብ የሚለውን ቃል ሲሰማ በኢየሱስ ስም ገሠጸኝ። አየር መንገድ የሚሠሩት ባልና ሚስት ግን ሮንጋይ አጠገብ ሰፊ ግቢ አላቸውና ከጥግ ይቀመጥ አሉ። ሊሙሩ መንገድ ላይ የጸሎት ማዕከል የሚያስተዳድር ወንድም ከሻዩ ማሳ ዳር ቦታ ሰጠን። በመጨረሻ ሽማግሌው ዘንድ ደወልኩ። ኪቴንጌላ ሻምባ አላቸው፣ በቆሎና ሽንኩርት የሚዘሩበት። ነገሩን ነገርኳቸው።

«እህቴ፣ የራሴ እብጠት ገና አልሟሸሸም እኮ» አሉ።

«አውቃለሁ ወንድሜ፤ አፍሬ ነው የምጠይቅዎት።»

«ወንድማችንስ ራሱ ይመጣል? ወይስ ንቡን ብቻ ነው የምትልኪው?»

«የየእኩል ወጉ ነው፤ ሳይመጣ አይቀርም» አልኩ። ንቡ ሰበብ እንደሆነ የገባቸው መሰለኝ።

«እንግዲያው አምጡት» አሉ።

አራተኛው ቀረ። ወደ ማማ ሄድኩና «አንዱን ብቻ፣ ቁልቁል ጅረቷ ዳር፣ በሩን ወደ ጫካው አዙረን» ብዬ ለመንኳቸው። ጫማቸውን ቀይረው፣ ተያይዘን ወርደን ቦታውን አዩ። «እኔ እኮ ንብ አልጠላሁም» አሉ በመጨረሻ። «ጉባኤውን ነው የጠላሁት።» የትኛውን ጉባኤ ማለታቸው እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም።

ማጓጓዙ ሦስት የተለያየ ቀን ወሰደ። ጎህ ሳይቀድ፣ ንቦቹ ሁሉ ቤታቸው ሳሉ በሩን በሣር እንወትፋለን፤ ቀፎውን በገመድ አስረን የኪራይ ፒክአፕ ላይ እንጭናለን። ባሌ ያልኩትን ሁሉ አደረገ፤ አንድ ቃል ሳይተነፍስ። ወደ ኪቴንጌላ ስንሄድ ሞምባሳ መንገድ ላይ ከባድ መኪና ተበላሽቶ ቆምን። ፀሐይ ወጣች። ከኋላ ያለው ድምፅ እየጨመረ ሲመጣ ሹፌሩ በመስታወት እያየ ያልበዋል፤ እኔ በልቤ እጸልያለሁ። ባሌ ድንገት ወርዶ ኮቱን አውልቆ ቀፎውን ከፀሐይ ጋረደው። መንገዱ እስኪከፈት በጭነቱ ላይ እንደቆመ ቀረ። ሽማግሌው ከነቆባቸው ተቀበሉን፤ ቀፎውን ከሻምባው ጫፍ አስቀመጥነው፤ ከዚያ በሕጉ መሠረት ቁርስ በላን።

ጅረቷ ዳር ለወረደው ቀፎ ባሌ ከበሩ ፊት ቅጠላም ቅርንጫፍ አቆመለት። ንቦቹ ሲወጡ እንቅፋቱን አይተው ቦታው መለወጡን ይረዳሉና አዲሱን አድራሻ ያጠናሉ። ጥቂቶች ግን ያ ሁሉ ተደርጎም ግንቡ ሥር ተመልሰው ባዶውን ቦታ ሲዞሩ አየኋቸው። አሳዘኑኝ። አመሻሽ ላይ ባሌ በካርቶን ሰብስቦ አወረዳቸው።

የመጀመሪያውን ጉብኝት «አንቺ ካልመጣሽ አልሄድም» ብሎኝ አብረን ሄድን። ቀጥሎ ቢሮዬን ሰበብ አድርጌ ቀረሁ፤ እውነቱን ለመናገር የዚያን ቀን ሥራ አልነበረኝም። ብቻውን በማታቱ ኪቴንጌላ ደርሶ ተመለሰ። ሽማግሌው ስለ ሥራ አልጠየቁትም። ስለ ንብ ጠየቁት፣ እሱም መለሰ፣ መልሱ ሲያልቅ ከሰዓት ሆኖ ነበር። ከዚያ ሊሙሩ፣ ከዚያ ሮንጋይ። ቀፎዎቹ ጎን ለጎን በነበሩበት ጊዜ እሱ ከቤቱ ጀርባ አያልፍም ነበር፤ አሁን አራቱን ለማየት ናይሮቢን መዞር ግድ ሆነበት። በደረሰበት ሁሉ ደግሞ ይበላል። ንቦቹም ረጉ፤ ያ የጠዋት ጠረጋዬ ቀረ። ማማ ሳይቀሩ ወደ ጅረቷ ወርደው ከሩቅ እያዩዋቸው ሻይ መጠጣት ጀመሩ።

እኔ ግን ገና አላረፍኩም ነበር። ባሌ መውጣትና መግባት ቢጀምርም ቤት ውስጥ ያው ትሑት፣ ያው ታዛዥ ነበር። ለሰው የተመለሰ፣ ለእኔ ያልተመለሰ መሰለኝ። ትንሽም ቀናሁ።

ዝናቡ ያበቃ ሰሞን ነው። ከሮንጋይ ሲመለስ የግቢው በር በኃይል ተወርውሮ ሲዘጋ ሰማሁ። ወጥ ቤት ሳህን እያጠብኩ ነበር። የግራ ዓይኑ አብጦ ተደፍኗል፤ ያንን ነጭ የንብ ልብሱን ጨምድዶ ይዟል።

«ይህን ያጠበው ማነው?»

«እኔ ነኛ፤ ሌላ ማን አለህ?»

«በምን አጠብሽው?»

ልብስ የሚያለሰልሰውን፣ የአበባ ሽታ ያለውን ፈሳሽ ጨምሬበት ነበር። ቆሻሻው አልወጣ ብሎኝ፣ ደግሞም ሰው ቤት ስለሚሄድበት እንዲሸትለት ብዬ።

«የአበባ ሽቶ!» ብሎ ጮኸ። «ንብ ጋ የሚሄድን ሰው የአበባ ሽቶ ነክረሽ ትልኪያለሽ? ሌላ ሰው እንኳ ቢሆን፤ አንቺ? ከእኔ እኩል የምታውቂው? ሰዎቹ ፊት እንደ ጅል ስሮጥ! የቤቱን እመቤት አስደነገጥኳት! ደግሞ መቼ ነው ልብሴን እጠቢልኝ ያልኩሽ? ሳይጠይቁ መንካት! ሁሉን ነገር ሳይጠይቁ መንካት!»

እያለ ሄደ። ድምፁ በመስኮቱ አልፎ ማማ ዘንድ ሳይደርስ አልቀረም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ከእሱ በላይ ጮኼ፣ ያን ሁሉ ስልክ የደወልኩልህ እኔ ነኝ ብዬ አፉን አዘጋው ነበር። ያን ቀን ግን ልቤ ቅቤ ጠጣ። ፊቴን እንዳያይ ዞር ብዬ፣ በረዶ በጨርቅ ጠቅልዬ ለዓይኑ ሰጠሁት።

ትንፋሹን ለመሰብሰብ ዝም ሲል ጊዜ እዚያው እንዳይቆምብኝ ፈራሁ።

«ሌላስ?» አልኩት።

«ሌላማ!» አለና ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ስለ ፎጣው ጀመረ፤ ከፎጣው ወደ ቁርሱ፣ ከቁርሱ ወደ ልጃችን፣ ከልጃችን ወደ ወንድሜ አለፈ፤ ብዙ ጊዜ አጠራቅሞት ኖሯል። ሳህኑን ትቼ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩና አንድም ሳላቋርጠው ሁሉንም ሰማሁት።